ወረፋ አለ፤ ገንዘቡ የት ገባ?

ደብዳቤው

ለዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚቆም ፋርመርስ ማርኬት (ገበሬዎች ምርታቸውን ራሳቸው በሚሸጡበት ገበያ) ላይ ትንሽ የምግብ ድንኳን ጀመርን። ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ምስር፣ ኪክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሽሮና ሳምቡሳ እንሸጣለን። እንጀራውንም እናቴ ራሷ ናት የምትጋግረው። አርብ ስለምትጾም የዶሮውን ጨው የምቀምሰው እኔ ነኝ።

ወረፋ አይጠፋም። በአማካይ 90 ሳህን በ14 ዶላር እንሸጣለን። ግን ወቅቱ አልቆ ሂሳብ ስናይ እጃችን ላይ የረባ ነገር የለም። እናቴ ሀበሻ ባየች ቁጥር “ካንተማ አልቀበልም” ትላለች። ሳህኑን ቆልላ ነው የምትሰጠው። ዋጋ እንጨምር ስላት “ሰው ምን ይለናል?” ትለኛለች። ወንድሜ 17 ሞላው፤ ቅዳሜ ኳስ አለኝ ብሎ ያኮርፋል። አሁን ደግሞ በሌላ ሰፈር የእሁድ ገበያ ላይ ቦታ አለ ተብለናል። የእናቴ ጓደኛ በበኩሏ ክትፎ ጨምረን አብረን እንሥራ እያለች ነው። እኔ ከሰኞ እስከ አርብ ሌላ ሥራ አለኝ። እንስፋ ወይስ እንተወው?

የደከማት ልጅ


መልሱ

እቱ፣ ሁለቱንም አላደርግም። ብትሰፉ እናትሽ ይታመማሉ። ብትተዉት ደግሞ ወረፋ ያለውን ነገር ጣላችሁ ማለት ነው፤ ገበያ ላይ ደግሞ ትልቁ ችግር ደንበኛ ማጣት ነው፤ እናንተ እሱን አልፋችኋል። የምመክርሽ ድንኳኑን እንድታሳንሱት ነው። ለምን እንደሆነ ከቁጥሩ ልጀምር፤ የደብተርሽን ገጽና የድንኳኑን ፎቶ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ብሶቱን ይጽፍልኛል እንጂ ሂሳቡን አይልክልኝም።

ባለፈው ዓመት አንድ ደህና ቅዳሜ 90 ሳህን በ14 ዶላር፣ በጠቅላላ 1,260 ዶላር አስገብታችኋል። ይዛችሁ የምትወጡት ግን የ110 ሳህን ምግብ ነው። ሥጋው፣ ጤፉ፣ ቅመሙ፣ ዘይቱ፣ ሳህኑና ሹካው ተደምሮ ለአንዱ 5 ዶላር ግድም ብለሻል፤ 550 ሆነ። የኪራይ ኩሽናው በሰዓት 25 ዶላር ነው፤ አርብ 8 ሰዓት ሙሉ ስለምትጠቀሙበት 200። የቦታ ክፍያ 90። ካርድ የሚቆርጠው 40። በረዶ፣ ጋዝና ቤንዚን 40። ፈቃዱና ኢንሹራንሱ በየቅዳሜው ሲካፈል 20። ድምሩ 940 ነው። “320 ተረፈ” ብለሽ ጽፈሽ ሁለቴ አስምረሽበታል።

አልተረፈም። ሜሪላንድ ውስጥ ተዘጋጅቶ በትኩሱ በሚሸጥ ምግብ ላይ 6 ከመቶ የሽያጭ ታክስ አለ። ደብተርሽ ላይ የታክስ መስመር አላየሁም። 14 ዶላሩ ታክስ ያካተተ ነው ካላችሁ፣ ከ1,260ው ውስጥ 71 ዶላር ገደማ መጀመሪያውኑ የእናንተ አልነበረም። እስካሁን ሳይከፈል ቀርቶ ከሆነ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ለሒሳብ ሠራተኛ ደውይ። በፈቃድ ሄዶ ማስተካከልና ደብዳቤ ሲመጣ መሯሯጥ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ 249 ዶላር ቀረ። አሁን ሰዓቱን እንይ፤ እሱንም አልጻፍሽውም፣ ከደብዳቤሽና ከደብተርሽ ለቅሜ ነው የደመርኩት። እናትሽ ሐሙስ ለግዢ 3 ሰዓት፣ አርብ ኩሽና ውስጥ 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ድስቱ ታጥቦ እስኪያልቅ 9 ሰዓት። 20 ሰዓት ሆነ። አንቺ ከሥራ መልስ አርብ 4፣ ቅዳሜ 9። ወንድምሽ ቅዳሜ 9። በድምሩ 42 ሰዓት ነው። 249 ለ42 ሲካፈል በሰዓት 6 ዶላር እንኳ አይሞላም። እዚያው ሜሪላንድ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ያንን ድንኳን ቀጥ አድርጎ የያዘው እናትሽ ሒሳብ ያልጠየቁበት ጉልበታቸው ነው። ይህን ሳታስተካክሉ እሁድን ብትጨምሩ የምትጨምሩት ኪሳራውን ነው።

ከምግቡ ዝርዝር እንጀምር። ሰባት ዓይነት ለሦስት ሰው፣ ያውም ለአራት ሰዓት ገበያ፣ በዝቷል። እናንተ የምታበስሉት አርብ ነው። አርብ ደግሞ ጾም ነው። እናትሽ ዶሮ እየሠሩ አይቀምሱም፤ በማሽተት ነው የሚገምቱት፤ ድስቱ አንቺ ከሥራ እስክትመጪ ይጠብቃል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ላንቺ አልነግርሽም። የኪራይ ኩሽና ውስጥ እያንዳንዷ የቁሌት ሰዓት 25 ዶላር ናት። ጥብስ በትኩሱ ካልሆነ ጥብስ አይባልም፤ በትኩሱ ከሆነ ደግሞ ወረፋውን ያቆመዋል። ሽታው ደንበኛ ይጠራል፣ እሱን አልክድም። ግን ከኋላ የቆመው ሰው ሰዓቱን አይቶ ወደ ዋፍሉ ድንኳን ይሄዳል። ሽሮ ማሞቂያ ላይ ሲቆይ ይጠጥራል፤ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ጣዕሙ ይሄዳል።

ምስር፣ ኪክ አልጫና ጎመን ግን ሲቆዩም አይከዱም። ሦስቱም ጾም ናቸው፤ እናትሽ አርብ እየቀመሱ ሊሠሯቸው ይችላሉ። ቅቤ እስካልገባ ድረስ ሥጋም ወተትም የማይበላው አሜሪካዊ ሁሉ ደንበኛችሁ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ፋርመርስ ማርኬት ላይ ሞልቷል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ስትገባ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው በሚረክስበት በዚያው ሰሞን፣ ሀበሻውም ጾመኛ ሆኖ ይመጣል። የምስር ሳምቡሳውንም አቆዩት። ዶሮውን በወር አንድ ቅዳሜ፣ በትዕዛዝ ብቻ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ተከፍሎ ሥሩት። ለ20 ሰው ታዞ ለ20 ሰው ከተሠራ የሚተርፍ ዶሮ የለም።

አቀራረቡም ይለወጥ። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው እይው። አንድ እጁ ውሻ ይዟል፣ በሌላው የሰላጣ ከረጢት። አጠገቡ ልጅ አለ። እሱ እንጀራ ዘርግቶ የሚበላበት ጠረጴዛ የለውም። ግማሽ እንጀራ ላይ ምስርና ጎመን አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ፣ በወረቀት ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ስጡት፤ እየሄደ ይበላል። ለመጠቅለል የሚወስደው ጊዜ ሳህን ላይ ሦስት ዓይነት ወጥ ከማውጣት በእጅጉ ያንሳል። ጥቅሉ በመጠን የተወሰነ ስለሆነ የእናትሽንም ቁልል በዘዴ ይገታል። ሳህኑ የሚፈልግ ካለ ሳህን ይኑር፤ ዋናው ግን ጥቅሉ ይሁን።

አሁን የሚከብደው ይመጣል፤ እንጀራው። ያ የ8 ሰዓት ኪራይ በአብዛኛው የምጣዱ ሰዓት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ፈቃድ ያለው፣ በጅምላ የሚያከፋፍል እንጀራ ጋጋሪ አይጠፋም። ግዙ። እናትሽ “የሰው እንጀራ በእኔ ወጥ?” እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ አንቺ አትግዢ፤ እሳቸው ይምረጡት። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሻቸው ዙሪ፣ ዓይኑን ይዩ፣ ይቅመሱ፣ ይንቀፉ። የመረጡት ጋጋሪ የእሳቸው ጋጋሪ ይሆናል። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲሆን የራሳቸውን ይጋግሩ፤ ሰሌዳው ላይም ይጻፍላቸው።

ሰሌዳ ካልኩ፣ ፎቶው ላይ “ግሉተን ፍሪ”፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግሉተን የሌለበት፣ የሚል አየሁ። ያ ጽሑፍ የእውነት ነው? ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ልክ ነው። እዚህ አገር የሚጋገረው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ፣ የገብስ ወይም የሰልፍ ራይዚንግ (ማስነሻ የተቀላቀለበት የስንዴ) ዱቄት ይገባበታል። በአሜሪካ ደንብ የታሸገ ምግብ “ግሉተን ፍሪ” ለመባል ግሉተኑ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳበት ሕመም፣ ላለበት ሰው የእናንተ አንድ ጉርሻ ሳምንቱን ሙሉ ሊያስተኛው ይችላል። መቶ በመቶ ጤፍ መሆኑን፣ ምጣዱና ሊጡም ከስንዴ ጋር እንደማይነካካ ጋጋሪው በጽሑፍ ካልሰጠሽ ቅዳሜ ሳይደርስ አጥፊው። ሰሊጥም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በዘጠነኛነት ከዋና ዋናዎቹ አለርጂዎች ጋር ተቆጥሯል፤ ሰሊጥ የነካው ነገር ካለ ይጻፍ። “ጾም” ያላችሁት ውስጥ ደግሞ ማንኪያ ቅቤ እንኳ ጠብ እንዳይል። እናትሽ “ትንሽ ነው፣ አያውቁም” የሚሉ ዓይነት ሴት ከሆኑ ይሄን ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ወተት የሚከለከል ልጅ ያላት እናት ወረፋ ላይ ትቆማለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ፤ አልጠየቅሽኝም። አርብ ማታ ድስቱ እንዴት ነው የሚቀዘቅዘው? ብዙ ቤት የማየው ትልቁን ድስት እንዳለ ከድኖ እስኪበርድ ምድጃ ላይ መተው ነው። ወፍራም ወጥ ደግሞ ላዩ በርዶ ውስጡ እስከ ሌሊት ለብ ብሎ ይቆያል። ተህዋሲ የሚራባው እዚያ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ የሚለው እንዲህ ነው፤ የበሰለው ምግብ ከ135 ፋራናይት ወደ 70 በሁለት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት፤ ከዚያ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት ወደ 41። ዘዴው ቀላል ነው። ምስሩን ጠለቅ ካለው ድስት ወደ ዝርግ ትሪዎች ገልብጡት፣ ሁለት ሦስት ጣት ከፍታ ብቻ ይኑረው። ትሪውን በረዶ ላይ አስቀምጡ፣ አማስሉት። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና በምድጃ ላይ እስከ 165 ፋራናይት ይሙቅ፤ ከዚያ ነው ወደ ማሞቂያው የሚገባው። ያ ማሞቂያ ትሪ የሞቀውን ሙቅ አድርጎ ለማቆየት እንጂ የቀዘቀዘ ለማሞቅ አልተሠራም። ገበያ ላይ ሙቁ ከ135 በታች፣ ቀዝቃዛው ከ41 በላይ እንዳይሆን በየሰዓቱ በቴርሞሜትር ለኩ፣ ጻፉትም። የጤና መርማሪ ሲመጣ ያ ወረቀት ብዙ ጥያቄ ይቆርጣል። ወንድምሽ ላይ ይሄን ሥራ ጣዪው፤ ቁጥር ስለሆነ ሳይወደው አይቀርም።

ወደ እናትሽ ቸርነት ልምጣ። ይህን እንደ ጥፋት ማየቱን ተዪው። እናትሽ እንግዳ ፊት ቆመው ገንዘብ መቀበል ያስነወራቸዋል፤ ያደጉበት ነው፤ በ60 ዓመታቸው አታስተዪአቸውም። አለመታገሉ ይሻላል፤ ቦታቸውን ቀይሪ። ገንዘብ የሚቀበለው ሌላ ሰው ይሁን፣ አንቺ ወይ ወንድምሽ። እሳቸውን ከድንኳኑ ፊት፣ በጎን በኩል፣ በትንንሽ የወረቀት ኩባያ ምስር ይዘው አቁሚያቸው። ቅምሻ ሰጪ ይሁኑ። ለአላፊ አግዳሚው፣ ለሕፃኑ፣ ለሀበሻው ሁሉ “ቅመስ፣ ቅመስ” ይበሉ። እጃቸው እንደፈለገ ይዘረጋል። አንዷ ኩባያ የምትፈጀው ሳንቲም ነው፤ ቀምሶ ሳይገዛ የሚያልፍ አይጠፋም፣ ግን ብዙው ይገዛል። ቅምሻ ለመስጠት ገበያው የራሱ ሥርዓት ይኖረዋል፤ የእጅ መታጠቢያው ቅርብ መሆን፣ ኩባያው ክዳን ያለው መሆን፤ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ገበያው ሲዘጋ ደግሞ ሌላ በር አለ። የሚተርፈውን ምግብ ቤት ወስዳችሁ እስከ ማክሰኞ ከምትበሉት ከጎረቤት ሻጮች ጋር ተለዋወጡ። ዳቦ ጋጋሪው፣ እንቁላል ሻጯ፣ እንጆሪ የሚሸጡት ባልና ሚስት ሁሉ ቀኑን ቆመው ርቧቸዋል። ሁለት ጥቅል ሰጥቶ ደርዘን እንቁላል መያዝ እዚያ የተለመደ ነው። እናትሽ ይወዱታል፤ ሰጥተው ነው የሚመለሱት፣ ባዶ እጃቸውን ግን አይደለም።

ጎመኑንም ከዚያው ግዙ። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ገበሬ ኮላርድ የሚባለውን ጎመን እንደ ጉድ ያመርታል፤ ከበጋው ሙቀት በኋላ ብርዱ ሲጀምር ውርጭ ሲነካው ደግሞ ይጣፍጣል። ብዙ ገበያዎች ምግብ አብሳይ ሻጭ ከገበሬው እንዲገዛ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ ያስገድዳሉ። ሰሌዳው ላይ “የዛሬው ጎመን ከእንትና እርሻ” ብላችሁ የገበሬውን ስም ጻፉ። እሱም ደንበኛውን ወደናንተ ይልካል። ሲዘጋ ላዩ የተጎዳ ቲማቲም በሣጥን ረክሶ ታገኛላችሁ፤ ለስልስ የሚሆን ነው።

ዋጋውን 16 አድርጉት። “ሰው ምን ይለናል?” ለሚለው፣ ሰዉ ምንም አይልም። ወቅቱ ሲጀመር፣ አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ፣ አብሮ ይውጣ፤ በወቅቱ መሃል አትጨምሩ። የሀበሻው ወቀሳ ነው እናትሽን የሚያስፈራቸው። እውነቱን ልንገርሽ፤ አንድ ሁለት ሰው “በዚህ ዋጋ ቤቴ ድስት ሙሉ እሠራለሁ” ይላል። ይሥራ። እሱ መጀመሪያም የእናንተ ደንበኛ አልነበረም።

እንዲህ ቢሆን ሂሳቡ ምን ይመስላል? ጠንቀቅ ብዬ፣ ሽያጩ ወደ 75 ይወርዳል ብዬ ልያዝ። 75 በ16 ስንል 1,200 ዶላር። ለ85 ሰው ይዛችሁ ብትወጡ፣ ሥጋ ስለሌለ ለአንዱ 4 ዶላር፣ 340። ኩሽና 5 ሰዓት፣ 125። ቦታ 90፣ ካርድ 36፣ በረዶና ጋዝ 40፣ ፈቃድና ኢንሹራንስ 20፣ ታክስ 68። ድምሩ 719። 481 ዶላር ይቀራል። ሰዓቱ ደግሞ ወደ 28 ይወርዳል። በሰዓት 17 ዶላር ሆነ። ሀብታም አያደርግም። ግን ለሰው የሚከፈል ነገር አለ።

መከፈልም አለበት። እናትሽ “እኔ ለልጆቼ ነው የምሠራው፣ ምን ክፍያ” ይላሉ። ይበሉ። አንቺ ቅዳሜ ማታ ቆጥረሽ የእሳቸውን ድርሻ በፖስታ አድርገሽ በእጃቸው አስቀምጪ። ዕቁብ ይግቡበት፣ አገር ቤት ይላኩት፣ ቤተ ክርስቲያን ይስጡት፤ የእሳቸው ጉዳይ ነው። በአፍ ከሚመጣ ምስጋና ይልቅ ይሄ ያኮራቸዋል፤ መጀመሪያ ቢቆጡም። ለድንኳኑ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ክፈቺ። በዜል፣ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት መተግበሪያ፣ ወደ ግል ስልክሽ የሚገባው ገንዘብ ከደመወዝሽ ጋር እየተቀላቀለ ነው ደብተርሽ የተዘበራረቀው።

ወንድምሽን ልቀቂው። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ኳስ የሌለው ቅዳሜ ይምጣ፣ ከመጣ በሰዓት 15 ዶላር ይከፈለው፣ ኳስ ያለ ቀን ደግሞ ያለ ኩርፊያ ይሂድ። እሱን የሚያስኮርፈው ሥራው አይመስለኝም። ሳይጠየቅ የተቆጠረበት መሆኑ ነው። 17 ዓመት ልጅ ነው፤ በመጪው ዓመት ኮሌጅ ከሄደ ያለ እሱ መቆም መቻላችሁን ካሁኑ ማወቅ ይሻላችኋል። ወረፋው በሚበረታበት ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ በሀበሻ ሰዓት ነው የምልሽ፣ የሚረዳ ሌላ ተማሪ መቅጠር ይቻላል። 28 ሰዓቱን ስቆጥር እናትሽን 12፣ አንቺን 11፣ ሦስተኛውን ሰው 5 አድርጌ ነው።

የእናትሽ ጓደኛና ክትፎዋ? አይሆንም። ጥሬ ወይም ለብለብ ያለ ሥጋ ድንኳን ሥር፣ በበጋ ሙቀት፣ የጤና መርማሪ ፊት። አይታሰብም። ሴትየዋን ግን አታስቀይሙ፤ ወዳጅነት ነው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ዳቦ ቆሎ የሚያሽግ ሰው ያስፈልጋችኋል። ፋርመርስ ማርኬት የሚመጣው ሰው ለቤቱ ሊሸምት ነው የሚመጣው፤ ምስሩን በልቶ “ይሄን እኔም ልሞክር” የሚል ብዙ አለ። ደረቅ የታሸገ ነገር አይበላሽም፣ ያልተሸጠው ለሌላ ቅዳሜ ይቆያል። በቤት ኩሽና ተሠርቶ ስለሚሸጥ ምግብ የወጣው ሕግ በሚፈቅደው መሠረት አንዳንዱን ከቤት ማዘጋጀት ሊቻል ይችላል፤ መለያ ወረቀቱ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ከካውንቲው ጤና ቢሮ ጠይቁ። የስናፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) ካርድ የያዘ ደንበኛ ትኩስ ምግብ በካርዱ መግዛት በአብዛኛው አይፈቀድለትም፤ ለቤት የሚወሰድ በርበሬ ግን ሊገዛ ይችላል፤ ገበያው እንዴት እንደሚያስተናግደው ማናጀሩን አነጋግሪ። ሴትየዋ ሽርክና ካሉ፣ ድርሻው በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። የጓደኛ ገንዘብ ላይ በቃል የቆመ ነገር ስንት ማኅበር እንዳፈረሰ አንቺም ታውቂያለሽ።

የእሁዱን ገበያ ተዉት። እሁድ እናትሽ ቅዳሴ አላቸው፣ አንቺ ሰኞ ሥራ አለሽ፣ ቅዳሜ ማታም ሌላ የአርብ ሌሊት ይሆንባችኋል። “ቦታው ያመልጠናል” ብለሽ አትስጊ። እ.ኤ.አ. በ1994 በመላው አሜሪካ የተመዘገቡት ፋርመርስ ማርኬቶች 1,755 ነበሩ፤ በ2013 ከ8,000 በላይ ሆነዋል። ባለ ወረፋ ድንኳን የማይፈልግ ማናጀር የለም፤ ለሚቀጥለው ወቅት ማመልከቻ የሚቀበሉት ደግሞ አብዛኞቹ በብርዱ ወራት (በዊንተር) ነው። ዛሬ ማታ አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው። አመስግኚ፣ ዘንድሮ እንደማትችሉ ንገሪያቸው፣ ስማችሁን በመጠባበቂያ ዝርዝር ላይ እንዲይዙላችሁ ጠይቂ። ከዚያ ለሒሳብ ሠራተኛው ደውይ፤ ታክሱን አትርሺ።